ቶሎ የሚቆጣ ቆዳና የምንቀባው ቅባት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዓመታዊው ስብሰባችን ዘወትር የሚነሣው የወር መዋጮ፣ የድንኳኑ መቀደድና የጠፉ ብርጭቆዎች ጉዳይ ነው። ዘንድሮ ኮሚቴው ስለ ቆዳና ስለ ፊት ቅባት ንግግር አዘጋጁ ብሎ ሲያዘን፣ ከእኛው መካከል «ዕድርንና የፊት ቅባትን ምን አገናኛቸው?» ብሎ የሳቀ ነበር። ያዘጋጀነው ሦስት ሰዎች ነን። አንደኛው ብዙ ዓመት በጤና ጣቢያ ያገለገለ ነው፤ ሁለታችን ደግሞ የቅጣት ደብተር ያዦች ነን። ነገሩ ከዕድሩ ጋር እንዴት እንደተገናኘ ለማስረዳት ከዚያው ከቅጣት ደብተሩ እንጀምራለን።

አምና አንዲት እኅታችን ሦስት ለቅሶ በተከታታይ ቀረች። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት በየለቅሶው ቅጣት ተጻፈባት። በሦስተኛው ስሟ በስብሰባ ፊት ተነበበ። ያን ጊዜ «ኮርታ ነው» ያለ አለ፤ «ዕቃ ማጠብ ጠልታ ነው» ያለም አለ። እኛም ጻፍን እንጂ ምን ሆና ይሆን ብለን አልጠየቅንም። ደብተራችንን ይዘን ቤቷ ስንሄድ በሩን የከፈተችልን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የምታንሰው «እታለም፣ ምነው? አሞሻል እንዴ?» ብትላት «ኧረ ደኅና ነኝ» አለችና ወደ ጓዳ ገብታ የቅጣቱን ገንዘብ ቆጥራ አመጣች። ስትሰጠን ነጠላው ወረደ። ፊቷ ቀልቶ አብጧል፤ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ በአገጯ ዙሪያ ትናንሽ ብጉር ፈልቷል፤ ግንባሯ ተልጧል። «ለቅሶ ቤት ብገባ ሰው የሚያየው አስከሬኑን ሳይሆን እኔን ነው» አለችን።

ማን እንደሆነች የምታውቁ አላችሁ። «ስሜን አትጥሩ እንጂ ነገሩን ተናገሩት፤ ሌላው ይማርበት» ብላ ፈቅዳልናለች።

ነገሩ የጀመረው በማድያት ነው። የመጨረሻ ልጇን ከወለደች በኋላ ጉንጯ ላይ ጠቆር ያለ ማድያት ወጣባት። ይህ ብዙ እናቶች የሚያውቁት ነው፤ እርግዝና ያመጣዋል፣ ፀሐይ ያባብሰዋል፤ በሽታ ነው ብሎ የሚያስደነግጥ አልነበረም። ጎረቤት «ይኼን ቀቢ» ብላ አንዲት ትንሽ ቱቦ ሰጠቻት። በሳምንት ውስጥ ፊቷ ጠራ፤ «እንዴት አምሮብሻል!» ያላላት አልነበረም። ስምንት ወር ቀባች። ከዚያ ወዲያ ግን ቅባቱን ሁለት ቀን ካቋረጠች ፊቷ እንደ እሳት ያቃጥላታል፤ መልሳ ስትቀባ ይበርድላታል። እንዲህ እያለች ከቅባቱ ጋር ተጣበቀች። ጨርሶ እምቢ ሲላት በራሷ ሐሳብ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ሎሚው ሲያቃጥላት ጤና አዳም አሸችበት፤ በላዩ ቅቤ ደረበችበት። በመጨረሻ አንድ ሰው «ይኼ ነገር የሥጋ ደዌ እንዳይሆን» ሲል ሰማች፤ በሯንም ዘጋች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኛ ሦስት ጊዜ የቀጣናት በዚህ ጊዜ ነው።

ለመሆኑ በዚያች ቱቦ ውስጥ ምን ነበረ? በኋላ ሐኪሙ እንዳነበበላት ክሎቤታሶል የሚባል መድኃኒት ነው። ይህ ኮርቲዞን ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን ቆዳ ላይ ከሚቀቡት ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሆኑት ወገን ነው። በመሠረቱ ኮርቲዞን ጥሩ መድኃኒት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን ቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን እንደሚያበርድ ካሳዩ ወዲህ ስንቱን ሰው ከማሳከክ ገላግሏል። ሐኪም አይቶ፣ መጠኑንና ቀኑን ቆጥሮ ሲያዝዘው ማለታችን ነው። ነገር ግን ኃይለኛው ዓይነት እንደ ፊት ቅባት በየቀኑ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ የደም ሥሩን ያወጣዋል፤ ብጉር ያፈላል፤ አንዳንዴም ፊት ላይ ጠጉር ያበቅላል። በዓይን አካባቢ ሲደጋገም የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ጭርት ላይ ሲቀባም ማሳከኩን ያስታግስና ጭርቱን ከሥር ያስፋፋዋል፤ ሰውየው «ተሻለኝ» ሲል በሽታው ይሰፋል። ሲያቋርጡት ደግሞ ፊት ይነድዳል፤ ያ መንደድ ራሱ ሰው መልሶ እንዲገዛው ያደርጋል። ስለዚህ ለወራት የቀባችሁ ካላችሁ በአንድ ቀን ከመጣላችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቀስ እያሉ የሚያቋርጡበት መንገድ አለ። ቱቦውንም አትጣሉት፤ ሐኪሙ ስሙን ያነብበዋልና።

እኛ ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ እዚሁ ኮሶበር በገበያ ቀን ዞር ዞር ብለን መደርደሪያዎችን አይተናል። እንጅባራችን መንገደኛ የሚበዛባት፣ ወደ ቻግኒ የሚገነጠለውም መንገድ የሚነሣባት ከተማ ስለሆነች የማይመጣ ዕቃ የለም። የፊት ቅባት ከብስኩትና ከባትሪ ድንጋይ ጎን፣ ፀሐይ በሚመታው መስተዋት ውስጥ ተደርድሮ አይተናል። አንዳንዱ ጽሑፉ የማናውቀው ቋንቋ ነው፤ አንዳንዱ የተሠራበትም የሚያልፍበትም ቀን የለውም። ሻጩን «ምን አለበት?» ብለን ብንጠይቀው «ያቀላል» አለን። ምን ይሠራል አላልነውም፤ ምን አለበት ነበር ያልነው!

ከሚያቀሉት ቅባቶች መካከል ስለ ሁለት ነገሮች እንናገር። አንዱ ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ቆዳን የሚያቀላው ቆዳው ቀለሙን እንዳይሠራ በመከልከል ነው፤ በቆዳ በኩል ገብቶም ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የቀባችው እናት ብቻ ሳትሆን የምታቅፈው ሕፃንም ይደርሰዋል። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ ከፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ ባሕር ገብቶ ዓሣውን፣ በዓሣው በኩልም ሕዝቡን ጎድቶ ነበር። በዚያች ከተማ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2013 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተፈረመ። ስምምነቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የውበት ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራ፣ ከአገር አገርም እንዳይዘዋወር ከለከለ፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ያችኑ የአንድ እጅ ፈቃድ አንሥተው ሜርኩሪ የተጨመረበትን ሁሉ እስከ 2025 ለማስቀረት ተስማሙ። ይሁን እንጂ በወረቀት የተከለከለ ሁሉ ከገበያ ጠፋ ማለት አይደለም። ምልክቱን እንንገራችሁ። በማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪ» የሚል ቃል ካለ ተዉት። «ከብር፣ ከወርቅ፣ ከአሉሚኒየምና ከጎማ ጋር አታነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበትም ተዉት፤ ወርቅ የሚያበላሽ ቅባት ምን ሊኖርበት እንደሚችል አስቡት። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ተማሪ ልጅ ይዛችሁ ሂዱና አስነብቡ። ልጆቻችን ሌላ ጊዜ ለምን ይማራሉ?

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ለማድያት የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ያለ ትእዛዝ ለረዥም ጊዜ ሲቀባ ግን ቆዳውን ያስቆጣል፤ ይባስ ብሎም ጉንጭን ሰማያዊ ጥቁር አድርጎ ያበላሻል፤ ያ ጥቁረት በቀላሉ አይለቅም። ጋና በ2016 ይህ ነገር ያለበትን ማቅያ ቅባት ከልክላለች። ሊያቀላ የተገዛ ቅባት አጥቁሮ ሲተው ከማየት የበለጠ ምን ያሳዝናል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ፤ ይኸውም ቆዳው ቶሎ የሚቆጣበት ሰው ምን ይምረጥ የሚለው ነው።

ቆዳ በሁለት መንገድ ይቆጣል። አንደኛው መላጥ ወይም መቃጠል ነው፤ በረኪና፣ አመድ፣ ዱቄት ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ሲቆዩ የማንንም ሰው ቆዳ ይጎዳሉ፤ የሳሳውን ደግሞ ቶሎ። ሁለተኛው አለርጂ የምንለው ነው። በዚህኛው የሰውነት መከላከያ አንድን ነገር እንደ ጠላት ይለየዋል፤ አንዴ ከለየው ወዲያ ጥቂትም ቢነካው ይነሣበታል። ሁለት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንዱ፣ አለርጂ በመጀመሪያ ቀን አይመጣም፤ ዓመት ሙሉ የተቀባነው ነገር በሁለተኛው ዓመት ሊነሣብን ይችላል። ስለዚህ «እሱን እንኳ ስቀባው ኖሬያለሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ሌላው፣ ሽፍታው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከቀቡ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ሰው ደግሞ የሚከስሰው ዛሬ የበላውን ነው፤ «ዶሮ ወጡ ነው» ይላል፣ «ምች ነው» ይላል፤ ሰኞ የተቀባው ቅባት ግን ረቡዕ ነው የሚጠይቀው።

ዳንግላ በአንድ ሠርግ ላይ የሆነውን ከዘመድ ሰምተናል። ሙሽራዋ ኀሙስ ዕለት ፀጉሯን ጥቁር ቀለም ተቀባች። ቅዳሜ ማታ የዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗ ተጨፈነ። ቤተ ሰቡ «ቡዳ በልቷት ነው» ብሎ ተሸበረ። በጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ነገር አለ፤ ስሙን ማጥናት አያስፈልግም፤ ከታወቁት የአለርጂ መነሻዎች አንዱ መሆኑን ብቻ ያዙ። የሚቀባው ራስ ላይ ሆኖ የሚያብጠው ቀጭኑ የዓይን ቆብ ነው። ተፈጥሮ ነው እየተባለ የሚሸጠው ኮል ያለ ጥቁር ሂናም ብዙ ጊዜ ይኸው ቀለም የተጨመረበት ነው፤ ንጹሕ ሂና ቀላ ያለ ቡናማ እንጂ ከሰል አይመስልም። ጢማቸውን የምታጠቁሩ አባቶችም አላችሁ፤ አናያችሁም መስሏችሁ ነው እንጂ እናያለን። አንድ ጊዜ ያሳበጠው ሰው ሁለተኛ አይሞክረው፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳልና።

አለርጂን ለይቶ የማወቂያው ዘዴ አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ያዳሶን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1895 (አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር) የሚጠረጠረውን ነገር በጤነኛ ቆዳ ላይ ለጥፎ ማየትን አስተዋወቀ። የሞከረው ነገር ሜርኩሪ መሆኑ ያስገርማል። ዛሬም የቆዳ ሐኪሞች የሚጠረጠሩትን ነገሮች በትናንሹ ጀርባ ላይ ለጥፈው ከሁለት ቀን በኋላ አንሥተው ያነብባሉ። ይህ በየወረዳው የሚገኝ ባይሆንም ለእኛ የሚሆን ታናሽ ወንድም አለው። አዲስ ቅባት ስትገዙ ፊታችሁ ላይ አትጀምሩ። በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል፣ የክርን መታጠፊያው አጠገብ፣ የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ ቀቡ፤ ይህን ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ቀጥሉ። ካላሳከከ፣ ካልቀላ፣ ካላበጠ ያን ጊዜ ወደ ፊት ውጡ። ሳሙና ከሆነ ቀብቶ ማቆየት አይገባም፤ እንደተለመደው ይታጠባል። ሠርግ ያለባችሁ ቤተ ሰቦች፣ ሙከራው ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሁን እንጂ በዋዜማው አይሁን።

የማሸጊያ ጽሑፍስ? «ለቁጡ ቆዳ የተዘጋጀ»፣ «አለርጂ የማያመጣ» የሚሉ ቃላት ዋጋውን እንደሚያስወድዱት እናውቃለን። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1975 «አለርጂ የማያመጣ ብላችሁ የምትጽፉ አምራቾች በምርመራ አረጋግጡ» የሚል ደንብ አወጣ። ሁለት አምራቾች ከሰሱት፤ በ1977 ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ያ ቃል አምራቹ የፈለገውን ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዕቃ ላይ የተጻፈውም ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። «ሽታ የለውም» የሚለውም እንዲሁ ያታልላል፤ አንዳንድ ጊዜ የዕቃውን ሽታ የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ተጨምሮበት ነው። የምትፈልጉት «ሽቶ ያልተጨመረበት» የሚለውን ነው። ሽቶ፣ ቅባቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር መድኃኒትና የፀጉር ቀለም፣ እነዚህ ሦስቱ ከውበት ዕቃ ከሚነሣው አለርጂ አብዛኛውን ይይዛሉ። ከመጠበቂያዎቹ አንዱ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን ይባላል። በብዙ ሎሽንና የሕፃናት መጥረጊያ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ገብቶ ስንቱን ካሳከከ በኋላ አውሮፓውያን ታጥቦ በማይለቅ ቅባት ውስጥ እንዳይገባ በ2017 ከለከሉት። የሕፃን ቂጥ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ሲጠረግ ኖሯል፤ ዛሬም ያጸዳል።

አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው የፋብሪካውን ትተን የራሳችንን እንቀባለን» ትሉ ይሆናል። ይህን ነገር በጥንቃቄ እንየው። ከዕፅ የተገኘ ሁሉ ለቆዳ ለስላሳ አይደለም። የእኛ ትንሿ ሎሚና ጤና አዳም በውስጣቸው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለ። ሎሚ ፊቱ ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ውሃ ይቋጥራል፤ የሚተርፈው ጥቁር ጠባሳም ለወራት ይቆያል። እኅታችን ላይ የደረሰው አንዱ ይኼ ነበር። እንዶድንም አስቡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም ቢልሃርዝያን ለመከላከል በተደረገ ጥናት ስማቸው በዓለም ተጠራ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሀገራችንም ኩራት ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን ለነጠላ እንጂ ለፊት አይደለም። ለጋ ቅቤ ለፀጉር ቢሆን አንከራከርም፤ እናቶቻችን ይጣሉናል። በቆሰለና በተላጠ ፊት ላይ ግን፣ በተለይ በሕፃን ችፌ ላይ፣ አይቀባ። ኩል ስትገዙም ተጠንቀቁ፤ እርሳስ ያለበት ኩል አለ፤ ለሕፃን ዓይን ጨርሶ አይሁን።

ታዲያ ምን ቀረን? የቀረው ርካሹ ነው። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ሮበርት ቺዝብሮ የሚባል አሜሪካዊ በ1872 የፈጠራ መብት ያወጣበት፣ ከነዳጅ ዘይት ተጣርቶ የሚሠራ ቅባት ነው፤ ውሃና መጠበቂያ መድኃኒት የሌለበት ስለሆነ አለርጂ የሚያመጣው እጅግ ለጥቂት ሰው ነው። ጥበቡ አቀባቡ ላይ ነው። ደረቅ ቆዳ ላይ ከተቀባ ከላይ ያንሸራትታል እንጂ ቆዳውን አያለሰልስም። ታጥባችሁ፣ በፎጣ መታ መታ አድርጋችሁ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡት፤ ውሃውን ይዞ የሚያስቀረው ያኔ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ቅባት የጠጣ ጨርቅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ለቅሶ ቤት ምድጃ ሥር የምትውሉ እናቶች የነጠላችሁን ጫፍ ጠብቁ። ግሊሰሪንም ጥሩ ነው፤ ሳይበረዝ ግን ይቆጠቁጣል፤ በውሃ ይቅጠን። ሳሙና ሲሆን ለገላ የተሠራው ይሁን፤ የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው። የቆዳ ጠባይ በትንሹ ወደ ኮምጣጣነት ያደላ ነው፤ የተለመደው ሳሙና ከዚያ ይቃረናል፤ የልብሱ ይብሳል። ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይበቃል። አምስት ቅባት ደራርቦ የሚቀባ ሰው ሲቆጣበት አምስት ተጠርጣሪ አለበት፤ አንድ የሚቀባው አንድ ብቻ።

ፀሐይን አንርሳ። የእንጅባራ ብርድ ያታልላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር አንድ ዐሥረኛ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም። ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ የዋላችሁ ማግስቱን የማን ፊት እንደተላጠ ታውቃላችሁ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የምትገዙ ካላችሁ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ፈልጉ፤ ቁጡ ቆዳ እሱን ይችላል። ዋጋው የማይቻል ከሆነ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ አሉ። ማድያት ያለባት እናት ከፀሐይ ካልተከለለች የትኛውም ቅባት አይረዳትም።

አሁን ስለ ራሳችን ስለ ዕድሩ ጥፋት እንናገራለን።

ለቅሶ በሆነ ቁጥር ተረኛ እናቶች ለሦስት ቀን ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ድስት ይፈትጋሉ፣ በመቶ የሚቆጠር ሳህን ያጥባሉ። ዕድሩ የሚገዛላቸው በጆንያ የመጣ የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው፤ ሲያልቅ አመድ ይደረግበታል። እጃቸው ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነው። ይህን ስንሰማ ባለፈው መስከረም አንድ ለቅሶ ላይ ቆመን የተረኞቹን እጅ አየን። ከዐሥራ አንድ እናቶች የሰባቱ መዳፍና የጣት መጋጠሚያ ተሰነጣጥቋል፤ የሁለቱ ይደማል። አንዷ «የሐዘን እጅ እንዲህ ነው» ብላ ሳቀች። ቆዳ የሚሰነጠቀው ቅባቱ በሳሙና ታጥቦ ሲያልቅና ውሃው ሲደርቅ ነው፤ በዚያ ስንጥቅ በርበሬና ሽንኩርት ሲገባበት ይቆጣል። ከዚያ ቤታቸው ሄደው ሽቶ ያለው ቅባት ይቀቡበታል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገባ ነገር ደግሞ አለርጂን ለማስጀመር ከሁሉ ይቀልለዋል። እንግዲህ ቁጡ ቆዳ የምንለው አንዳንዱ ከእናት ማኅፀን የመጣ ሳይሆን እኛው በተራ መዝገብ የሠራነው ነው።

በዚህም መሠረት ለኮሚቴው ያቀረብነውና የተፈቀደው ይኼ ነው፤ ለዕቃ ማጠቢያ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና እንዲገዛ፤ የጎማ ጓንት እንዲኖር፣ ጎማው ለሚያሳክካቸውም ከውስጥ የጥጥ ጓንት እንዲደረብ፤ አንድ እናት ከግማሽ ቀን በላይ ውሃ ላይ እንዳትቆይና ከላጮች ጋር እንድትለዋወጥ፤ በዕቃ ቤቱም አንድ ትልቅ ቫዝሊን እንዲቀመጥ። ወንዶችም መቃብር በሲሚንቶ ስትሠሩ እርጥቡን ሲሚንቶ በባዶ እጅ አታቡኩት፤ እሱም ያቃጥላል፣ አለርጂም ያመጣል።

ስለ እግርም አንድ ቃል ጣል እናድርግ፤ በዞናችን ዝሆኔ የሚባለውን የማያውቅ የለም። ይህ ዓይነቱ እባጭ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቀዩ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። በሀገራችን ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የታተመ ጥናት ነበር። እግራቸውን በሚነክሩበት ውሃ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ግሊሰሪን ሲጨመር፣ ውሃው ከቀድሞው በጣም ቢቀነስም፣ ቆዳቸው ይበልጥ እንደሚያገግም አሳየ። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከትንሽ ትርፍ ማለት ነው። ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። አንድ አባት፣ ማተባቸው ላይ ባለው መስቀል ሥር ደረታቸው ለምን እንደሚያሳክካቸው ጠየቁ። መስቀሉ ሳይሆን ብረቱ ነው፤ ኒኬል የተቀላቀለበት ርካሽ ብረት በላብ ሲርስ ቆዳን ያስቆጣል፤ የጆሮ ጌጥና የቀበቶ ዘለበትም እንዲሁ። በእንጨት ወይም በንጹሕ ብር መስቀል ይለወጥ። አንዲት እናት ደግሞ፣ ሽፍታን ከሥጋ ደዌ በምን እንለየው አሉ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ በጣት ሲነኩትና በጥጥ ሲዳስሱት የማይሰማ ቦታ ካለ ቅባት አትፈልጉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሚያሳክክ ቆዳ ቢያንስ ይሰማል። የሥጋ ደዌ ዛሬ በነጻ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል፤ አዲስ አበባ በ1965 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተመሠረተው አለርት፣ በክልላችንም ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህና በሌላ የቆዳ በሽታ ብዙ ሰው ያከሙ ናቸው። የእኅታችን ግን የሥጋ ደዌ አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ይዘናት የሄድነው እኛው ነን። ኃይለኛው ቅባት ቀስ በቀስ እንዲቆም፣ ከቫዝሊንና ከለስላሳ ሳሙና በቀር ምንም እንዳትቀባ፣ ከፀሐይ እንድትከለል ታዘዘ። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፤ ሌሊት እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ነው የተኛችው። ሁለት ጊዜም ቱቦው ተመልሶ አምሯት እንደነበር አልደበቀችንም። በአምስተኛው ወር ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ለቅሶ ቤት ገባች። ማድያቱ አሁንም ጉንጯ ላይ አለ፤ «እሱማ ይኑር» ትላለች።

የሦስቱን ለቅሶ ቅጣት ኮሚቴው እንዲመለስላት ወሰነ። ገንዘቡን ይዘን ብንሄድ አልቀበልም አለች፤ ጓንት ግዙበት አለችን። የመጀመሪያዎቹ ጓንቶች የተገዙት በእሱ ነው። በዕቃ ቤቱ ከትልልቆቹ ድስቶች በላይ በሚስማር ተሰቅለዋል። ተረኞች ስትወስዱም ስትመልሱም ፈርሙ፤ አንድ ጥንድ ጠፍቷል።